የመሪ ቺንጋ ሲጮህ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ጠመዝማዛ ላይ መሪ ሲጮህ ያስጠላል። እንደኔ ያረጀ መርሴዲስ ያለህ ወንድምዓለም፣ የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ለመግዛት አትሩጥ። መጀመሪያ ቺንጋው የሚዞርባቸውን ክብ መዘውሮች፣ ፑሌጃዎቹን፣ እይ። ፓምፑ ከመስመር ከወጣ አዲሱም ቺንጋ ጠርዙ ይበላል፣ ጥቁር ዱቄት ይረግፋል።

ሞተሩን አጥፋና ቺንጋውን አውጣ። ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ሞተሩ በሚያዞረው በክራንኩ ፑሌጃ ቦይ ውስጥ አጋድም። ሌላው ጫፍ በፓምፑ ፑሌጃ ቦይ መሃል ላይ ማረፍ አለበት። የፑሌጃዎቹ ውፍረት ስለሚለያይ በፊት ገጻቸው አትለካ፤ እሱ ነው ብዙውን ሰው የሚሸውደው። ፓምፑ ወደ ኋላ ከገባ ከመያዣው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ራንዴላ ጨምር። በሁሉም ቡሎን እኩል ይሁን፣ አለዚያ ፓምፑ ይጋደላል።

ቺንጋውን መልሰህ ስትወጥር ፓምፑ ላይ ያለውን የዘይት ጣሳ በብረት እንዳትገፋ! ስስ ቆርቆሮ ነው፣ ተጨርምቶ ያፈሳል። የፓምፑን ወፍራም አካል ግፋ፣ ቡሎኑን እሰር። የቺንጋው ረጅም ክፍል መሃል ላይ በአውራ ጣት ስትጫነው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከገባ በቂ ነው። ከዚያ በላይ መወጠር የፓምፑን ኩሽኔታ መግደል ነው።

አዲስ ቺንጋ ስለሚላላ፣ ሐይቅ ደርሰህ ስትመለስ ሞተሩ ሲበርድ እንደገና ተጫነው።