ፓይተንን ከሶርስ ኮድ ስትገነቡ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ሰርቨሩ ላይ ያለው ፓይተን አሮጌ ነው። ፕሮጀክታችሁ ደግሞ 3.12 ይፈልጋል። በአፕት (በኡቡንቱና ዴቢያን የፕሮግራም መጫኛ) ብትፈልጉት የለም። ስለዚህ ሶርስ ኮዱን አውርዳችሁ ራሳችሁ ኮምፓይል ልታደርጉ ነው። ሲያዩት ቀላል ነው፤ ኮንፊገር (ሲስተሙ ላይ ያለውን ይፈትሻል)፣ ሜክ (ኮምፓይል ያደርጋል)፣ ከዚያ ኢንስቶል። እኔ ግን በዚህ ሥራ ሙሉ ቅዳሜዬን ጨርሻለሁ፤ የጨረስኩትም ችግሩን የተሳሳተ ቦታ ስፈልግ ነው።

ፓይተን ሲገነባ አንድ ላይብረሪ ቢጎድለው ብዙ ጊዜ ሥራውን አያቆምም። የጎደለውን ሞጁል ትቶ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ ሁሉም የተሳካ ይመስላል። ችግሩ ብቅ የሚለው በኋላ ነው፤ ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው) አላወርድም ሲል ወይም ጃንጎ (የዌብሳይት መሥሪያው) አልነሳም ሲል። ያኔ ሰው ፒፕን ይወቅሳል፣ ኔትወርኩን ይወቅሳል። ስለዚህ ከታች ያሉትን ምልክቶች ስታነቡ «ኢረሩ የታየው የት ነው?» ከማለት ይልቅ «የተበላሸው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምልክት፦ ኮንፊገር ገና ሲጀምር ይቆማል

«ሲ ኮምፓይለር አላገኘሁም» ካለ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ ቢልድ-ኢሴንሻል የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። የሬድ ሃት ዘመዶች ላይ ጂሲሲንና ሜክን ጫኑ።

«ኮምፓይል ያደረግኩትን ፕሮግራም ማስኬድ አልቻልኩም» ካለ ግን ኮምፓይለሩን አትንኩት። ብዙ ጊዜ ሶርሱን የፈታችሁት /ቲኤምፒ ውስጥ ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ለደህንነት ሲባል እዚያ ፕሮግራም እንዳይሄድ ተከልክሏል። ማውንት የሚለውን ኮማንድ ስታስኬዱ ከፎልደሩ አጠገብ ኖኤግዜክ የሚል ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ሶርሱን ወደ ሆም ፎልደራችሁ ውሰዱና እንደገና ጀምሩ።

ምልክት፦ ሁሉም ተሳክቷል፣ ፒፕ ግን «የኤስኤስኤል ሞጁል የለም» ይላል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። የኤስኤስኤል ሞጁል ፓይተን በኢንተርኔት በተመሰጠረ መንገድ የሚገናኝበት ነው፤ የሚሠራውም ኦፕን ኤስኤስኤል በሚባል ላይብረሪ ነው። «ኦፕን ኤስኤስኤል እኮ አለኝ፣ ከርል (ከኢንተርኔት ማውረጃው ኮማንድ) እየሠራ አይደል?» ይላል። እውነቱን ነው፣ አለው። ያለው ግን ለማስኬድ የሚሆነው ላይብረሪ ብቻ ነው። ኮምፓይል ለማድረግ ሄደር ፋይሎቹም ያስፈልጋሉ። እነሱ ላይብረሪው ውስጥ ምን ምን ፈንክሽን እንዳለና እንዴት እንደሚጠራ ለኮምፓይለሩ የሚነግሩ ፋይሎች ናቸው። ሊኑክስ እነዚህን በተለየ ፓኬጅ ያስቀምጣቸዋል። ኡቡንቱ ላይ ስማቸው በ«ዴቭ»፣ ሬድ ሃት ላይ በ«ዴቨል» ያልቃል።

ኤስኤስኤል ብቻ አይደለም። ሲታይፕስ ከሌለ ሊብኤፍኤፍአይ-ዴቭ ጎድሏል። ኤስኪውላይት3 ከሌለ ሊብኤስኪውላይት3-ዴቭ ጎድሏል። የፓይተን ተርሚናል ውስጥ ወደ ላይ የሚያመለክተውን ቀስት ስትጫኑ የቀድሞው መስመር መምጣቱ ቀርቶ እንግዳ ምልክት ከጻፈ ሊብሪድላይን-ዴቭ አልነበረም ማለት ነው። ፓንዳስን ኢምፖርት ስታደርጉ ስለ ኤልዜድኤምኤ ካማረረ ሊብኤልዜድኤምኤ-ዴቭን ጫኑ። ቢዜድ2ም የራሱ ሊብቢዜድ2-ዴቭ አለው። ዜድሊብ ለየት ይላል፤ እሱ ከሌለ ኢንስቶል ማድረጉ ራሱ «ዜድሊብ የለም» ብሎ ይቆማል። ቢያንስ እሱ ቶሎ ይናገራል።

ኡቡንቱ ላይ አቋራጭ አለ። የሶርስ ፓኬጅ ማከማቻው ከተከፈተ አፕት ቢልድ-ዴፕ ፓይተን3 ስትሉ የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንዴ ይጭናል።

ከጫናችሁ በኋላ ሜክን ብቻ መድገም አይበቃም። ምን አለ ምን የለም የሚለውን የሚወስነው ኮንፊገር ነው፤ የቀድሞ ውሳኔውም ፋይል ላይ ተቀምጧል። ፎልደሩን አጥፍታችሁ ሶርሱን እንደገና ፍቱት፤ ወይም ሜክ ዲስትክሊን ብላችሁ ከኮንፊገር ጀምሩ። የእኔን ቅዳሜ የበላው ይህ ነበር። ትክክለኛውን ፓኬጅ ጭኜ ነበር፤ ኮንፊገርን ግን አልደገምኩም።

ሌላም ልመክራችሁ። 3.12 ላይ ኮንፊገር እያንዳንዱን ሞጁል ሲፈትሽ ያላገኘውን «ሚሲንግ» ብሎ ይጽፋል። ውጤቱን ፋይል ላይ አስቀምጡና በግሬፕ ይህን ቃል ፈልጉ። ሜክ እስኪያልቅ ሳትጠብቁ በደቂቃዎች ውስጥ የጎደለውን ታውቃላችሁ። ቲኪንተር (የመስኮት መሥሪያው ሞጁል) ቢጎድል አትጨነቁ፤ መስኮት የሌለው ሰርቨር ላይ አያስፈልግም።

ምልክት፦ የዴቭ ፓኬጁ አለ፣ ኤስኤስኤል ግን አሁንም የለም

ስሪቱን እዩ። ከፓይተን 3.10 ወዲህ ኦፕን ኤስኤስኤል 1.1.1 ወይም ከዚያ በላይ ግዴታ ነው። ሴንት ኦኤስ 7 (ከሬድ ሃት ዘመዶች አንዱ) ይዞት የሚመጣው 1.0.2 ነው። አዲሱን ኦፕን ኤስኤስኤል ለብቻው ፎልደር ውስጥ ገንብታችሁ፣ በኮንፊገር ላይ «ዊዝ ኦፕን ኤስኤስኤል» በሚለው አማራጭ ቦታውን አሳዩት። «ዊዝ ኦፕን ኤስኤስኤል አርፓዝ» የሚለውንም «አውቶ» አድርጉት፤ አለዚያ ሲገነባ ያገኘውን ላይብረሪ ሲሄድ ያጣዋል። የሲስተሙን ኦፕን ኤስኤስኤል ግን አትተኩት፤ ኤስኤስኤችን ጨምሮ ብዙ ነገር እሱ ላይ ቆሟል። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ የሴንት ኦኤስ 7 ድጋፍ በሰኔ 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ይህን ሁሉ ድካም ሰርቨሩን በማደስ ላይ ብታውሉት ይሻላል።

ምልክት፦ ሜክ መሃል ላይ «ኪልድ» ብሎ ይሞታል

ኮዱ ምንም አልሆነም። ራም አልቋል። 1 ጊጋባይት ራም ባለው ትንሽ ሰርቨር ላይ በብዙ ፕሮሰስ ሜክ ስታስኬዱ፣ በተለይ ኤልቲኦን (ፕሮግራሙን ለማፍጠን ሲገነባ ብዙ ራም የሚበላ አማራጭ) ከከፈታችሁ፣ ከርነሉ ኮምፓይለሩን ይገድለዋል። ዲሜሴጅን (የከርነሉን መልእክቶች የሚያሳየውን ኮማንድ) ስታስኬዱ «አውት ኦፍ ሚሞሪ» የሚል መስመር ታገኛላችሁ። 2 ጊጋባይት የስዋፕ ፋይል (ራም ሲያልቅ በዲስክ ላይ የሚተካው) ፍጠሩ፤ ፈቃዱን 600 አድርጉት፣ በኤምኬስዋፕ አዘጋጁት፣ በስዋፕኦን አብሩት። ሜክንም በአንድ ፕሮሰስ ብቻ አስኪዱ። ይዘገያል፣ ግን ያልቃል።

ምልክት፦ ግንባታው ሳያልቅ ኮኔክሽኑ ይቆረጣል

ከአዲስ አበባ ሆኖ ውጭ አገር ያለ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። መብራት ይሄዳል ወይም ኔትወርክ ይጠፋል፤ ኤስኤስኤች ሲዘጋ ሜክም አብሮ ይቆማል። «ኢነብል ኦፕቲማይዜሽንስ» የሚለውን አማራጭ ከከፈታችሁ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ፓይተን አንዴ ይገነባል፣ የራሱን ቴስቶች አስኪዶ የትኛው ኮድ እንደሚበዛ ያጠናል፣ ከዚያ እንደገና ይገነባል። ስለዚህ መጀመሪያ ቲሙክስ ወይም ስክሪን (መስመሩ ቢቆረጥም ሥራውን ሰርቨሩ ላይ የሚያስቀጥሉ ፕሮግራሞች) ክፈቱ፣ ሜክን እዚያ ውስጥ አስጀምሩ። መስመሩ ሲመለስ ሥራው የደረሰበት ቦታ ታገኙታላችሁ። ሶርሱን ስታወርዱም ዊጌትን በሲ አማራጭ ተጠቀሙ፤ ካቆመበት ይቀጥላል። ታር «ፋይሉ ሳይታሰብ አለቀ» ካላችሁም ያወረዳችሁት ጎዶሎ ነው።

ምልክት፦ ፓይተን ተጭኗል፣ ሲነሳ «ሊብፓይተንን መክፈት አልቻልኩም» ይላል

በ«ኢነብል ሼርድ» (የፓይተንን ዋና ኮድ በተለየ ላይብረሪ ፋይል የሚያስቀምጥ አማራጭ) ገንብታችሁታል፤ ላይብረሪው ያለበትን ቦታ ግን ሲስተሙ አያውቅም። ብዙ ጊዜ ያለው /ዩኤስአር/ሎካል/ሊብ ውስጥ ነው። ይህን መንገድ /ኢቲሲ/ኤልዲ.ኤስኦ.ኮንፍ.ዲ ውስጥ በአንድ ፋይል ጻፉና ኤልዲኮንፊግን በሱዶ አስኪዱ። ሼርድ ለምን እንደፈለጋችሁት ካላወቃችሁ ሳትከፍቱት ገንቡ።

ምልክት፦ አዲሱ ፓይተን ይሠራል፣ አፕት ግን ተበላሸ

ይህ ከሁሉም ያሳስበኛል፤ ሌላው ችግር ፕሮጀክታችሁን ብቻ ነው የሚነካው፣ ይህ ግን ሰርቨሩን ነው። «ኤፒቲ ፒኬጂ የሚባል ሞጁል የለም» የሚል መልእክት ካያችሁ አንድ ሰው /ዩኤስአር/ቢን ውስጥ ያለውን የፓይተን3 ሊንክ ወደ አዲሱ ስሪት አዙሮታል። የአፕት መሣሪያዎች የተዘጋጁት ከሲስተሙ ጋር ለመጣው ስሪት ብቻ ነው።

ከመጀመሪያው ይህ እንዳይመጣ ሜክ ኢንስቶል አትበሉ፤ ሜክ አልትኢንስቶል በሉ። ያኔ የሚጫነው ፓይተን3.12 በሚለው ስም ብቻ ነው፤ ፓይተን3 የሚለው ስም ለሲስተሙ ይቀራል። ለየፕሮጀክቱም በፓይተን3.12 የራሱን ቨርችዋል ኢንቫይሮመንት (ፓኬጆቹ ለብቻ የሚቀመጡበት ፎልደር) ፍጠሩለት።

ነገሩ አስቀድሞ ከተበላሸም ይድናል። ኡቡንቱ 22.04 ከሆነ ሊንኩን ወደ ፓይተን3.10፣ 20.04 ከሆነ ወደ ፓይተን3.8 መልሱት። ከዚያ አፕት አፕዴትን ሞክሩ።