ያልኖሩትን ሕይወት በ20 ደቂቃ የፍቅር ፊልም ማሳየት

በእጃችሁ ያለው ስክሪፕት ባለታሪኩ ተኝቶ፣ ጥላው የሄደችውን ሴት አግብቶ አይቶ፣ በላብ ተነክሮ የሚባንንበት ከሆነ ካሜራ ከመከራየታችሁ በፊት መነሻውን ቀይሩት። ተመልካች «ለካስ ሕልም ነው» ባለ ቅጽበት የሰጣችሁን ልብ መልሶ ይወስዳል፤ በሕልም ውስጥ የሚጠፋም የሚተርፍም የለምና። ሌላኛው ሕይወት የሚታመነው ከእውነተኛ መገንጠያ ሲነሳ ነው።

መገንጠያው ትንሽ፣ በእጅ የሚነካ፣ በመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ውስጥ የሚታይ ይሁን። ባቡር ላይ መድረስና አለመድረስ በደንብ ተሠርቶበታል፤ ፖላንዳዊው ዳይሬክተር ኪየሽሎቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1981 ቀርጾታል፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ስላይዲንግ ዶርስ» የተባለ ፊልም ደግሞ ወደ ለንደን ምድር ባቡር ወስዶታል። እኛ ዲቪ አለን። ታሪኩን 2010 ዓ.ም ላይ አስቀምጡት፦ ጥቅምት ላይ ኢንተርኔት ቤት ይሞላል፣ የማረጋገጫ ቁጥሩ ታትሞ ይሰጣል፣ ግንቦት ላይ በዚያው ቁጥር ውጤቱ ይታያል። ወረቀቱ ከጃኬቱ ኪስ በጊዜ ከወጣ ሜሪላንድ ሄደ፤ ከልብስ ጋር ከታጠበ አዲስ አበባ ቀረ፣ የሚወዳትንም ሴት አገባ።

እዚህ ላይ ነገሩን የሚያውቅ ተመልካች ይይዛችኋል። የጠፋ ቁጥር ሲመዘገብ በተሰጠው ኢሜይል አማካይነት ከድረ ገጹ ተመልሶ ይገኛል። ስለዚህ ፎርሙን የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ በራሱ ኢሜይል ሞልቶት፣ ቤቱም ከግንቦት በፊት ተዘግቶ መሆን አለበት። ይህን ማንም እንዲያስረዳ አታድርጉ፤ የተቆለፈ የቆርቆሮ በር 4 ሰከንድ ይበቃል።

ስክሪፕቱን ከመጀመራችሁ በፊት በግማሽ ገጽ ላይ የፊልሙን ሕግ ጻፉ፦ ወደ ሌላው ሕይወት በምን ይገባል? ማን ያውቃል? ምን ይዞ ይመለሳል? ሕጉ ቀላል ቢሆን ይሻላል። ለምሳሌ ሰውየው ለእረፍት መጥቶ የድሮ ቤቷን በር ያንኳኳል፤ ከፍታ «ዳቦውስ?» ትለዋለች። በዚያች አንድ ቃል ትዳሩም፣ ዓመታቱም፣ የዛሬ ጠዋቱም አለ። የሚወጣውም በዚያው በር ነው። መሃል ላይ አዲስ ሕግ ከጨመራችሁ ተመልካቹ ፍቅሩን ትቶ እንቆቅልሽ መፍታት ይጀምራል።

ያልተኖረው ሕይወት ዕዳ ከሌለው ማስታወቂያ ይሆናል። ሰውየው ካልሄደ ከአሜሪካ የተላከ ብር የለም፤ ስለዚህ የእናቱ ጣሪያ ያፈሳል፣ ታናሽ ወንድሙ ኮሌጁን አቋርጧል። ሴቲቱም የእሱ ጸጸት ማሳያ ብቻ አትሁን፤ እሱ ባይመጣም የምትሠራው፣ የምትፈልገው፣ የምትናደድበት ነገር ይኑራት። ልጅ ማስገባት ከፈለጋችሁ በጣም አስቡበት። ተመልካች አንዴ ልጁን ከወደደ በኋላ ሰውየው በበሩ ሲወጣ ልጁን የገደለው ያህል ይቆጥርበታል፤ 20 ደቂቃ ደግሞ ያንን ለመሸከም አይበቃም።

ሁለቱን ሕይወት ለመለየት ምልክቱን ፊት ወይም እጅ ላይ አድርጉት፤ ክሎዝ አፕ (ከቅርብ የሚነሳ ምስል) ላይ ጫማ አይታይም። «ስላይዲንግ ዶርስ» መጀመሪያ ግንባር ላይ ፕላስተር ለጠፈ፣ ቀጥሎ የባለታሪኳን ፀጉር አሳጠረ። ፀጉር ከመረጣችሁ ረዥም ፀጉር ያለበትን ሕይወት በሙሉ ቀርጻችሁ ጨርሱና ቁረጡ፤ ሹሩባ ከሆነ የሚሠራበትን ሰዓት በቀረጻ ፕሮግራሙ ላይ ቁጠሩት። አንዱን ሕይወት ሰማያዊ፣ ሌላውን ወርቃማ ማድረግ ግን አንመክርም፤ የትኛው ይሻል እንደነበር ለተመልካቹ ቀድማችሁ ፈረዳችሁለት ማለት ነው። ይልቅ የሜሪላንዱን በትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) በ50 ሚሜ ሌንስ፣ የአዲስ አበባውን በእጅ ተይዞ በ35 ሚሜ ቅረጹ።

ከዕቃ ሁሉ አንድ ምረጡና እስከ መጨረሻ ተከተሉት። ከንፈሩ የተሸረፈ ሲኒ ይበቃል። መጀመሪያ እሷ ስትቀዳ ሽራፊውን ሳታይ በአውራ ጣቷ ፈልጋ ወደ ራሷ ታዞረዋለች፤ እሱ ግን ሲኒው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አያውቅም፣ ሁለት መደርደሪያ ከፍቶ ይዘጋል። በቶናው እጁ በትክክል ይሄዳል። በበረካው ሳያይ ሽራፊውን ያዞራል። ሜሪላንድ ሲመለስ እጁ በዚያው ከፍታ ይነሳና ባዶ ግድግዳ ይነካል። ይህ እንዲሠራ የአዲስ አበባውን መደርደሪያ ከፍታ በሜትር ለክታችሁ ጻፉ፤ ለእነዚህ ሁለት ሾቶች ብቻ የእጅ ቀረጻውንና የሌንስ ልዩነቱን ትታችሁ ካሜራውን በዚያው ከፍታና ርቀት አቁሙ። የትራይፖዱን እግሮች ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ሌንሱንና የፎከስ ርቀቱን መዝግቡ። በመስኮት ብርሃን የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱን ሾቶች በተመሳሳይ ሰዓት ቅረጹ፤ የ2 ሰዓት ልዩነት ጥላውን ከግድግዳው ላይ ያነሳዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ይታመናል፤ ክረምት ላይ ደመና በየደቂቃው ብርሃኑን ይለውጥባችኋል። ኤክስፖዠር (የብርሃን መጠን)፣ ፎከስና ዋይት ባላንስ (የቀለም ሚዛን) ሁሉም ማኑዋል፣ ማለትም በእጅ የሚስተካከሉ ይሁኑ። መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ሸተር 1/50 ሰከንድ ካልሆነ አንዳንድ አምፖል ምስሉ ላይ ይርገበገባል።

የሜሪላንዱን አፓርታማ አዲስ አበባ ውስጥ መቅረጽ ይቻላል። የሚያጋልጣችሁ ሶኬት ነው፤ የእኛ ክብ ቀዳዳ፣ የእነሱ ጠፍጣፋ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ተመልካች ከተዋናዩ ፊት በፊት ያንን ያያል። የመስኮት ፍርግርግም እንዲሁ። የስልክ ትዕይንት ካለ ሁለቱም ጋ ሌሊት አታድርጉ፦ አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ በበጋቸው ከቀኑ 8 ሰዓት፣ በክረምታቸው 7 ሰዓት ነው።

በየቤቱ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ 1 ደቂቃ የክፍሉን ድምፅ ቅረጹ። አዲስ አበባ ላይ የ«ቆራሌው!» ጥሪ ከሩቅ ይሰማ፤ ሜሪላንድ ላይ ፍሪጅ ብቻ። መመለሻውን በድምፅ ጀምሩት፦ ምስሉ ገና እሷ ላይ እያለ ጥሪው ይቋረጥና የፍሪጁ ድምፅ 2 ሰከንድ ቀድሞ ይግባ። ኤዲተሩ ሙዚቃ ከደረበበት ይህ ይጠፋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ሙዚቃ አያስፈልግም።

ስክሪፕቱን በገጽ አትለኩ፤ ድምፅ አውጥታችሁ እያነበባችሁ በሰዓት ያዙት። ዝምታዎቹንም ቁጠሩ። በቀን 4 ደቂቃ የሚሆን ብትቀርጹ 5 ቀን ይፈጃል፤ ሲኒው ያለበትን ቀን ግን አታጣቡት። አንድ ዓይነት ሲኒ 3 ገዝታችሁ እኩል ሸርፏቸው፤ አንዱ መሰበሩ አይቀርም።

ለመጨረሻው ትዕይንት ቋንቋችን ራሱ ትልቅ መሣሪያ ይሰጣችኋል። ባልተኖረው ሕይወት ሙሉውን «አንተ» ስትለው የቆየች ሴት፣ በእውነተኛው ሕይወት ፋርማሲ ውስጥ ቆማ፣ ሳታውቀው፣ «ምን ልርዳዎት?» ትለዋለች። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ማስክ አድርጓል፤ አለማወቋ እንዲታመን አድርጉ። እሱ «አንቺ» ካለ ያስደነግጣታል፤ «እርስዎ» ካለ ቤቱን፣ ዳቦውን፣ ሲኒውን ካደ። ስለዚህ ግስ የሌለው መልስ ጻፉለት፦ «የራስ ምታት መድኃኒት።» ተዋናዩ ከዚያ በፊት ትንፋሽ ይሳብ፤ ካሜራው እሱ ላይ ሳይሆን መድኃኒቱን ለማውረድ በተዘረጋው እጇ ላይ ይቆይ።