የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ቃል በቃል አይፈታም

ደብረ ብርሃን ላይ ሆናችሁ እንግሊዝኛ የምታጠኑ ልጆች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፈረንጅ «አይ ጎት ኮልድ ፊት» ቢላችሁ ካልሲ አታቀብሉት። በእኛ ብርድ እግሩ እውነትም ቀዝቅዞ ሊሆን ይችላል፣ ግን አባባሉ ነገሩ ሲደርስ ፈራሁ፣ ልቤ ከዳኝ ማለት ነው፤ ሰርጉ ሊደርስ ሲል እንዳፈገፈገ ሙሽራ። «አንደር ዘ ዌዘር»ም ስለ አየር ጠባይ አያወራም፣ ትንሽ አሞኛል ነው። ለጉንፋን ይሆናል፣ ለከባድ በሽታ ግን አትበሉት። «ስፒል ዘ ቢንስ» ምስጢር ማውጣት ነው፣ የመንዝ ባቄላ የለበትም።

ከሁሉም የምትጠነቀቁት «ኪክ ዘ በኬት»ን ነው። ቃል በቃል ባልዲውን መምታት ቢሆንም ትርጉሙ ሞተ ማለት ነው፣ ግን የቀልድ አነጋገር ስለሆነ ለቅሶ ላይ ብትሉት ወይም ለሐዘንተኛ ብትጽፉት ጉድ ይፈላል፤ እዚያ «ፓስድ አዌይ» በሉ። ቃላቱንም አትቀያይሩ፣ ባልዲውን በጣሳ ብትተኩት ማንም አይገባውም። «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ»ን ትምህርት ቤት ብዙዎቻችን ተምረነዋል፣ ዛሬ ግን እምብዛም አይባልም፤ ለክረምቱ ዶፍ «ኢትስ ፖሪንግ» ይበቃል። መዝገበ ቃላት ላይ ስትፈልጉ ደግሞ ሐረጉን ሙሉውን ጻፉ፣ አንዷን ቃል ብቻ አይደለም።