የአሮጌ ፎር ዊል መኪና የፊት ሀብ፦ አሠራሩ፣ አጠቃቀሙ፣ አፈታቱ

ክረምት ላይ ዋልካ ውስጥ የሰመጠ ላንድ ክሩዘር ብዙውን ጊዜ ሞተሩም ካምቢዮውም ጤነኛ ነው። ፎር ዊል ገብቷል፣ የኋላ ጎማዎች ጭቃ ይረጫሉ፣ የፊቶቹ ግን ንቅንቅ አይሉም። እንዲህ ሲሆን ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን የማርሽ ሳጥን) ለማውረድ መቸኮል አያስፈልግም። መጀመሪያ መታየት ያለበት የፊት ጎማው መሃል ላይ ያለው ሀብ ነው።

እንደ ላንድ ክሩዘር 70፣ የድሮ ሂሉክስ፣ ኒሳን ፓትሮልና አይሱዙ ትሩፐር ባሉ መኪኖች የትራንስፈሩ ዱላ ኤች 2 ላይ ሲሆን ኃይል የሚሄደው ወደ ኋላ ጎማዎች ብቻ ነው። ኤች 4 (ፎር ዊል) ሲገባ ትራንስፈሩ የፊቱን ካርዳን (ኃይሉን ወደ ዲፈረንሻሉ የሚወስደውን ዘንግ) ከኋላው ጋር ያቆራኛል፤ ካርዳኑ የፊት ዲፈረንሻሉን (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ የሚያካፍለውን)፣ ዲፈረንሻሉ ደግሞ ግራና ቀኝ አክስሎችን ያዞራል። አክስሉ ግን ጎማውን በቀጥታ አልያዘም። ጎማው በራሱ ኩሽኔታዎች ላይ ይሽከረከራል፤ አክስሉ በመሃል አልፎ ጫፉ ሀቡ ውስጥ ያርፋል። ሀቡ ሎክ ሲሆን ሁለቱን ያስራቸዋል፣ ፍሪ ሲሆን ይለያያቸዋል። ፍሪ ሆኖ ኤች 2 ላይ ሲነዳ አክስሉም፣ የፊት ዲፈረንሻሉም፣ ካርዳኑም ቆመው ይጓዛሉ። ነዳጅ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ዋናው ጥቅሙ የፊት ዕቃዎች በከንቱ አለማለቃቸውና ድምፅ መቀነሱ ነው። ሐሳቡ የቆየ ነው፤ የአሜሪካው ዋርን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1948 ሲመሠረት ለዊሊስ ጂፕ ይሠራ የነበረው ይህንኑ ሀብ ነው።

ማኑዋል ሀብ

ውስጡ ቀላል ነው። በሀቡ ገላ ጥርስ ላይ የሚንሸራተት ቀለበት አለ፤ ክላች ይባላል። አክስሉ ጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ ጥርሳም ዕቃ ተሰክቷል። ሀቡ ክዳን ላይ ያለውን መዞሪያ ወደ ሎክ ሲያዞሩ ሞላው ቀለበቱን ገፍቶ ከአክስሉ ጥርስ ጋር ያጋጥመዋል። ጥርስ ከጥርስ ጋር ፊት ለፊት ከተገናኘ ግን ቀለበቱ ወዲያው አይገባም፤ ሞላው ገፍቶ እንደያዘው ይቆያል። መኪናው ትንሽ ሲንቀሳቀስ ነው ጥርሱ ቦታውን አግኝቶ የሚገባው። ስለዚህ ሎክ ካደረጉ በኋላ ጭቃው ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ደረቅ ቦታ ላይ ጥቂት ሜትር ይንዱ።

መዞሪያው በእጅ ብቻ ነው የሚዞረው። ፒንሳ ወይም ቱቦ ቁልፍ ከተጠቀሙ የሚሰበረው ውስጥ ያለው ቀጭን ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ ሎክ ላይ የቆመ ቢመስልም ውስጡ ምንም አያንቀሳቅስም። አልዞር ካለ ጥርሱ ላይ ጫና አለ ማለት ነው፤ ማርሹን ወደ ኤች 2 መልሰው መኪናውን ትንሽ ወደ ኋላ ቢያስኬዱት ይለቃል። የመዞሪያው ቀስት በፍሪና በሎክ መካከል ከቆመም አይንዱ፤ ጥርሱ በጫፉ ብቻ ይዞ እየዘለለ ይላጫል።

ሁለቱ ሀቦች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ይሁኑ። አንዱ ሎክ ሌላው ፍሪ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ሁሉ ምንም ወዳልያዘው አክስል ይልከዋል፤ ስለዚህ ፎር ዊል ገብቶም የፊት ጎማ አይጎትትም።

ሀቡን ሎክ አድርጎ በኤች 2 አስፋልት ላይ መንዳት ጉዳት የለውም። የገጠር መንገድ ላይ ሲውሉ ጠዋት ሎክ አድርገው ቢወጡ የተሻለ ነው፤ ጭቃ ሲመጣ የቀረው ማርሹን መሳብ ብቻ ነው። ጉዳት ያለው ኤች 4ን ደረቅ አስፋልት ላይ መጠቀም ነው። መኪናው ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ ርቀት ይሄዳሉ፣ ትራንስፈሩ ግን ሁለቱን ካርዳኖች እኩል እንዲዞሩ ያስገድዳል፤ ጫናው ማርሾቹ ላይ ይጠራቀምና ዱላው አልመለስ ይላል። ሌላው አደገኛ ነገር ሀቡን ፍሪ ትቶ ኤል 4 (ዝግተኛውን፣ ጉልበት የሚያበዛውን ፎር ዊል) ማስገባት ነው። የተባዛው ጉልበት በሙሉ የኋላ አክስል ላይ ብቻ ይወድቃል።

በጋውን ሙሉ ፎር ዊል ሳይነካ የሚከርም መኪና በወር አንዴ ወደ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ሀቡን ሎክ አድርጎ መነዳት አለበት፤ የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት ተረጭቶ ላይ ያሉትን ማርሾችና ኩሽኔታዎች የሚያገኘው ያኔ ነው።

አውቶማቲክ ሀብ

እዚህ መዞሪያውን የሚተካው የአክስሉ መዞር ነው። ኤች 4 ገብቶ አክስሉ መዞር ሲጀምር ውስጥ ያለ ትንሽ ፍሬን አንዱን ዘንበል ያለ ቀለበት ይይዘዋል፤ ሌላው ቀለበት በእሱ ላይ እየወጣ ክላቹን ይገፋና ያስገባዋል። ለመልቀቅ ደግሞ ማርሹን ወደ ኤች 2 መልሰው በቀጥታ ወደ ኋላ 2 ሜትር ያህል መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርጉ ከሄዱ ሀቡ እንደያዘ ይቀራል፣ ወይም አንዱ ለቆ ሌላው ይዞ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይመጣል።

ደካማ ጎኑ ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። የተያዘ መኪና ለማውጣት ወደፊትና ወደ ኋላ ሲያወዛውዙ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ሀቡ ለቆ እንደገና መያዝ አለበት፤ በየመሃሉ ጥርሱ ይመታል። ቁልቁለት ላይም ጎማው አክስሉን ሲገፋ አንዳንዱ ይለቃል። ፍሬኑ ሲያልቅ ወይም ወፍራም ግሪስ ሲሞላበት ደግሞ ጨርሶ አይገባም። በኒሳን ፓትሮል ዋይ 61 እና በአንዳንድ ላንድ ክሩዘር 70 ላይ ያለው ሀብ አውቶና ሎክ የሚል ምርጫ አለው፤ በጎማ መፍቻ ይዞራል። ለከባድ ጭቃና ለረጅም ቁልቁለት ሎክ ላይ ያድርጉት።

የትኛው ሀብ እንደማይዝ ማወቂያ

ሞተሩን ያጥፉ። የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ይደግፉ። ኤች 4 ያስገቡ፣ ሁለቱንም ማኑዋል ሀቦች ሎክ ያድርጉ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንስተው በእጅ ያዙሩት። ጥቂት ነቅነቅ ብሎ መቆም አለበት። ያለ ምንም ጫናና ድምፅ ከተሽከረከረ ያ የተነሣው ሀብ አልያዘም። ከበድ ብሎ፣ ከውስጥ የማርሽ ድምፅ እያሰማ ከዞረ ግን ያልያዘው መሬት ላይ ያለው ነው፤ ዲፈረንሻሉ እንቅስቃሴውን ወደዚያኛው አክስል እያሳለፈ ነው። ሀቡ ተፈትቶ ደህና ከተገኘ የተሰበረው አክስሉ ወይም ጎማው ሲታጠፍ አብሮ የሚታጠፈው የአክስሉ ጆይንት ነው።

አፈታትና ማጽዳት

የቶዮታ ማኑዋል ሀብ ሲፈታ መጀመሪያ ፍሪ ላይ ይደረጋል። የክዳኑን 6 ትናንሽ ብሎኖች በ10 ቁልፍ ይፍቱ፣ ክዳኑን ከነክላቹ ያውጡ። አክስሉ ጫፍ ላይ እንደ ሞዴሉ ስናፕ ሪንግ (ተከፍቶ የሚወጣ መያዣ ቀለበት) ወይም ብሎን አለ፤ ያንን ያንሱ። ከዚያ ገላውን የያዙትን 6 ዳዶዎች ይፍቱ። ብዙ ሰው የሚቸገረው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከዳዶው ሥር ሾጣጣ ራንዴላዎች ተወጥረው ተቀምጠዋል፣ በካቻቢቴ ቢጎረጉሯቸው አይወጡም። የነሐስ ዘንግ የብሎኑ ጫፍ ላይ አድርገው በመዶሻ ጠንከር አድርገው ይምቱት፤ ራንዴላው ራሱ ዘሎ ይወጣል። በብረት መዶሻ በቀጥታ ከመቱት የብሎኑ ጥርስ ይበላሻል።

ሁሉንም በናፍጣ አጥበው በደንብ ያድርቁ። ሀቡ ውስጥ ቀጭን የማርሽ ዘይት ካገኙ የአክስሉ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት) አልቋል ማለት ነው፤ ሲሉ ሳይቀየር አዲስ ግሪስ መቀባት ዋጋ የለውም፣ ዘይቱ አጥቦ ይወስደዋል። ግሪሱ ቁጥር 2 ሊቲየም ይሁን፣ ተንሸራታቹ ጥርስ ላይ በስሱ ይቀባ። ሀቡን በግሪስ መጠቅጠቅ የተለመደ ስህተት ነው፤ በብርድ ሲረጋ ሞላው ክላቹን መግፋት ያቅተዋል።

ሲመለስ ገላው አዲስ ጋስኬት ይደረግበትና ዳዶዎቹ በ31 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ክዳኑ ፍሪ ላይ ሆኖ፣ የክላቹ መያዣ ምላሶች ገላው ላይ ጥርስ ከሌለበት ቦታ ጋር ገጥመው ይግባ፤ ብሎኖቹ 10 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። ክዳኑን ከመዝጋትዎ በፊት ጎማውን ነቅንቀው ይዩት። ልቅነት ካለው የጎማው ኩሽኔታ ይስተካከል፤ ልል ኩሽኔታ ሀቡን እያንጋደደ ጥርሱን ይጨርሳል።

አውቶማቲኩን በማኑዋል ለመተካት ካሰቡ የአክስሉን ጥርስ ብዛትና የብሎኖቹን ብዛት ቆጥረው ይግዙ፣ ሁለቱንም ጎን አብረው ይቀይሩ። በአንዳንድ ሞዴሎች የአውቶማቲኩ ፍሬን የተያዘው ከኩሽኔታው ማጥበቂያ ዳዶ ጋር ነው። ፍሬኑ ሲወጣ ያ ዳዶም መቀየር ስላለበት፣ አዲሱ ሀብ ከነዳዶውና ከነመቆለፊያ ራንዴላው መምጣቱን ሱቅ ውስጥ እያሉ ካርቶኑን ከፍተው ያረጋግጡ።