ካሜራ ፊት ተቀምጦ የኮዲንግ ፈተና መውሰድ

የሶፍትዌር ሥራ አመልክታችሁ፣ ካሜራችሁንና ስክሪናችሁን እየቀረጸ በሚከታተል ሲስተም የሚሰጥ የኮዲንግ ፈተና ሊንክ በኢሜይል ሲደርሳችሁ ቶሎ ብላችሁ አትጫኑት። አንዳንዱ ሊንክ አንዴ ከተከፈተ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። መጀመሪያ ኢሜይሉን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ሊንኩ የሚያበቃው መቼ ነው? በየት አገር ሰዓት? በየትኛው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መሥራት ይቻላል? የቋንቋውን ሰነድ ከፍቶ ማየትስ? ኤአይ መጠቀምን የሚፈቅዱ ቀጣሪዎች አሉ፤ ጨርሶ የሚከለክሉም አሉ። ግልጽ ያልሆነ ነገር ካለ ጽፋችሁ ጠይቁ። በጤና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ተጨማሪ ሰዓት የሚያስፈልገው ሰውም መጠየቅ ያለበት አሁን ነው።

ጓደኞቼን ለእንዲህ ዓይነት ፈተና ሳዘጋጅ አጥብቄ የምነግራቸው አንድ ነገር አለ፦ የማሽኑን ጣጣ ዛሬ ጨርሱት፣ የነገው ሰዓት ለኮዱ ብቻ ይሁን። ጎበዝ ፕሮግራመር በካሜራና በማይክ ጉዳይ ተደናግጦ ፈተናው ሲበላሽበት ማየት ያንገበግበኛል።

ማክ የምትጠቀሙ በተለይ ልብ በሉ። ማክ ላይ ስክሪን ለማጋራት ብራውዘሩ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ ያለው ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ከሚለው ሥር ነው። ፈቃዱን ስትሰጡት ብራውዘሩን ዘግታችሁ እንደገና እንድትከፍቱት ይጠይቃችኋል። ይሄ ፈተናው መሃል ቢመጣ አስቡት። ሰዓቱ ይሄዳል፣ ብራውዘሩ ይዘጋል፣ ሲስተሙም ከፈተናው ወጣችሁ ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ከጓደኛ ጋር በዚያው ብራውዘር ቪዲዮ ደውሉና መላውን ስክሪን አጋሩ። እዚያ ከሠራ ትልቁ ሥጋት አለቀ። ፈተናው የሚሰጥባቸው እንደ ሃከርራንክና ኮዲሊቲ ያሉ መድረኮች የመለማመጃ ፈተና ስላላቸው እሱንም ሞክሩት።

ሁለተኛ ሞኒተር ካላችሁ ገመዱን ንቀሉ፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ኮምፒውተሩ አሁንም ሊያየው ይችላል። ቲምቪወር፣ ኤኒዴስክና የመሳሰሉትን ኮምፒውተርን ከርቀት የሚያዙ ፕሮግራሞች ዝጉ። የቻት ኖቲፊኬሽን አጥፉ። ቻርጀር ሰክታችሁ ተቀመጡ። መብራቱ ከፊታችሁ ይሁን፤ መስኮት ከጀርባችሁ ከሆነ ፊታችሁ ይጨልማል፣ ሲስተሙም ሰው የለም ሊል ይችላል። መታወቂያችሁ ወይም ፓስፖርታችሁ ላይ ያለው ስም ከተመዘገባችሁበት ስም ጋር ይመሳሰል። ክፍሉን በካሜራ ዞራችሁ አሳዩ ልትባሉም ትችላላችሁ። አብሯችሁ የሚኖር ሰው ካለ ቀድማችሁ ንገሩት፤ በሩን ከፍቶ "ምን እየሠራህ ነው?" ማለቱ ራሱ ይቀረጻል።

ፈተናው ሲጀምር ካሜራውን እርሱት። ማሰብ ሲይዘን ዓይናችን ወደ ጣሪያ ይሄዳል፤ ምንም አይደለም። አንድ እንቅስቃሴ ላይ ምልክት ተደረገ ማለት ወደቃችሁ ማለት አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ቀረጻውን በኋላ ሰው ያየዋል። ሰው የሚጠራጠረው ደጋግማችሁ ወደ አንድ ቦታ ስታዩ፣ ከዚያም ያለቀለት ኮድ በአንዴ ስትለጥፉ ነው። ኮዱን እዚያው ኤዲተሩ ውስጥ ጻፉት። ታብ አትቀያይሩ። ወረቀት ከተፈቀደ ባዶ መሆኑን ፊትና ጀርባውን ለካሜራው አሳዩ።

አሁን ወደ ኮዱ። ጥያቄውን ካነበባችሁ በኋላ ዓይናችሁ በቀጥታ የግብዓቱ መጠን ገደብ ላይ ይረፍ። መልሱ የተደበቀው እዚያ ነው። ለምሳሌ የቁጥሮች ዝርዝር ተሰጥቷችሁ ድምራቸው ከተፈለገው ቁጥር ጋር እኩል የሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ ተባላችሁ እንበል። ዝርዝሩ እስከ 100,000 ይደርሳል ካለ፣ አንዱን ሉፕ በሌላው ውስጥ ብታስገቡ እስከ 10 ቢሊዮን ዙር ይሄዳል። የናሙና ፈተናዎቹን ያልፋል፤ የተደበቁት ላይ ግን ሰዓት አለቀ ይላችኋል። ያየናቸውን ቁጥሮች ሴት (set) በሚባለው፣ አንድ ቁጥር መኖር አለመኖሩን ቶሎ በሚነግረን ማከማቻ ውስጥ እያስቀመጥን ብንሄድ አንድ ዙር ብቻ ይበቃል። ገደቡ 1,000 ቢሆን ኖሮ ግን የመጀመሪያውም ያዋጣ ነበር። ያኔ ቀላሉን ጽፋችሁ እለፉ፣ አትራቀቁ።

ከማስገባታችሁ በፊት በባዶ ዝርዝር፣ በአንድ ቁጥር፣ በተደጋገሙ ቁጥሮችና በኔጌቲቭ ሞክሩት። ጃቫ ወይም ሲ ፕላስ ፕላስ የምትጽፉ ከሆነ ድምሩ ከ2,147,483,647 እንዳያልፍ ተጠንቀቁ፤ የተለመደው int የሚባለው የቁጥር ዓይነት ከዚያ በላይ አይይዝም።

ሰዓታችሁንም አከፋፍሉ። ለምሳሌ ኮድሲግናል የሚባለው መድረክ አጠቃላይ ፈተና 4 ጥያቄ በ70 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ አራቱንም አንብቡ፣ የምትችሉትን አስቀድሙ። አንዱ ላይ ከተጣበቃችሁ ቀርፋፋም ቢሆን የሚሠራ መልስ አስገብታችሁ ውጡ። ብዙ መድረኮች ኮዱ ላለፋቸው የሙከራ ፈተናዎች ከፊል ነጥብ ይሰጣሉ።

ኢንተርኔት ቢቋረጥ አትደናገጡ። በዚያው ሊንክ ተመልሳችሁ ግቡ፤ እንደጨረሳችሁ የተቋረጠበትን ሰዓት ጠቅሳችሁ ለመድረኩ የድጋፍ ክፍልና ለቀጣሪው ጻፉ። እነሱ እስኪደርሱበት አትጠብቁ።

ስትጨርሱ የተጠቀማችሁበትን ሐሳብ በራሳችሁ ቃል ለራሳችሁ አስፍሩ። ቀጣዩ ኢንተርቪው ላይ "ለምን በዚህ መንገድ ሠራኸው?" ብለው የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። ጥያቄዎቹን ግን ለማንም አታጋሩ፤ ስትጀምሩ የተስማማችሁበት ውል ላይ አለ። ከዚያ ለፈተናው ብላችሁ ብራውዘሩ ላይ የጫናችሁት ኤክስቴንሽን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ካለ አውጡት፣ ስክሪን የመቅዳት ፈቃዱንም አጥፉት።