ሬቪት የቆጠረውን እንዳለ ቢኦኪው (የሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝሩ) ላይ አይገልብጡ

የሕንፃው ሞዴል ሬቪት በተባለው የዲዛይን ሶፍትዌር ላይ ከተሠራ ኮንክሪቱ፣ ብሎኬቱ፣ ልስኑ በደቂቃዎች ውስጥ ተቆጥሮ ይወጣል። ግን ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው የተሳለውን ብቻ ነው፤ ያውም እንደተሳለው። የዋጋ ግምት የሚበላሸውም እዚህ ጋ ነው።

በእኔ እይታ አንደኛው ስህተት ሁለቴ የተቆጠረ ኮንክሪት ነው። ቢሙና (አግዳሚ ተሸካሚው) ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) ሞዴሉ ላይ ካልተያያዙ፣ የተደራረቡበት ቦታ ለሁለቱም ይታሰባል። 15 ሳንቲ ውፍረት ባለው ሶሌታ ውስጥ 25 ሳንቲ ስፋት ያለው ቢም ሲያልፍ፣ በየሜትሩ 0.0375 ሜትር ኩብ ትርፍ ይገባል። ኢምንት ናት አይደል? በአንድ ፎቅ 200 ሜትር ቢም ካለ ግን 7.5 ሜትር ኩብ ሆነች። ሕንፃው 8 ሶሌታ ካለው 60! ስክሪን ላይ ደግሞ ምንም አያስታውቅም፤ ሁሉም ነገር አምሮ ነው የሚታየው። አንድ ፎቅ ይምረጡና በእጅ አስልተው ያመሳክሩ።

ሁለተኛው ያልተሳለውን መርሳት ነው። ፎርምወርክ (ኮንክሪት የሚሞላበት ቅርጽ ማውጫ) ብዙ ጊዜ ሞዴል ውስጥ የለም። 40 በ40 ሳንቲ የሆነ የ3 ሜትር ኮለን (ምሰሶ) ግማሽ ሜትር ኩብ ኮንክሪት እንኳ አይፈጅም፤ ፎርሙ ግን 4.8 ካሬ ነው። አጠናውና ሚስማሩ ሳይቆጠር። ፌሮም እንደዚያው። በሜትር ኩብ ይህን ያህል ኪሎ ብሎ መገመት ለመነሻ ያስኬዳል፣ ለጨረታ ግን አያዋጣም።

ቁፋሮ ላይም ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሞዴሉ የሚያሳየው ፉቲንጉን (የመሠረቱን እግር) እንጂ ጉድጓዱን አይደለም። 2 በ2 ሜትር ለሆነ ፉቲንግ 1.5 ሜትር ቢቆፈር 6 ሜትር ኩብ ነው። በየጎኑ 25 ሳንቲ መሥሪያ ቦታ ሲተው 9.4 ገደማ ይደርሳል። የተቆፈረ አፈር ደግሞ ያብጣል፤ ሲኖትራኩ የሚጭነው ያበጠውን ነው። ውሉ የሚከፍለው የትኛውን ልክ እንደሆነ አስቀድመው ያንብቡ።

«ጄነሪክ 200» ተብሎ፣ ማለትም ከምን እንደሚሠራ ሳይገለጽ የቀረ ግድግዳ ካገኙ ዋጋ አይሙሉለት። ብሎኬት ይሁን ጂፕሰም አርክቴክቱን ይጠይቁ።

መጠኑ ልክ ሆኖ ነጠላ ዋጋው የአምና ከሆነም ልፋቱ ገደል ገባ። በተለይ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ እንደ ሊፍት ላሉ ከውጭ ለሚመጡ ዕቃዎች የድሮ ፕሮፎርማ አይሠራም። ከየዋጋው ጎን ፕሮፎርማው የወጣበትን ቀን ይጻፉ፤ 15 በመቶው ቫት መካተት አለመካተቱንም እዚያው ያስፍሩ።