አሮጌው የእጅ ጌም ዋይፋይ አልይዝ ሲል፦ የቱ ጋር ነው የቆመው?

ስንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ የተኛ ኒንቴንዶ ዲኤስ ወይም ፒኤስፒ አወጣችሁ እንበል። ቻርጅ ተደረገ፣ ተከፈተ። ስክሪኑ ደህና ነው፣ ቁልፎቹ ይሠራሉ፣ ጌሙም ይጫወታል። ዋይፋይ ላይ ሲደርስ ግን ድርቅ ይላል። ስልካችሁ እዚያው ክፍል ውስጥ በዚያው ዋይፋይ ቪዲዮ እያጫወተ ነው። ስለዚህ ፍርዱ የታወቀ ነው፤ «ጌሙ ተበላሽቷል»።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አብዛኛውን ጊዜ ጌሙ ምንም አልሆነም። የተቀየረው ራውተሩ ነው። እኔም ይህን ሳላውቅ አንድ ምሽት ሙሉ ፒኤስፒ ላይ ያንኑ ፓስወርድ ደጋግሜ ስጽፍ አምሽቻለሁ። አንዴ በትልቁ ፊደል፣ አንዴ በትንሹ። ፓስወርዱ ከመጀመሪያው ልክ ነበር። ውሃ ስወቅጥ ነው ያመሸሁት።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ሌላ ነው። ጌሙ ኢንተርኔት ለመግባት አራት ደጃፍ ያልፋል። ራውተሩን ያያል፣ በፓስወርድ ይግባባል፣ አይፒ አድራሻ (በቤቱ ኔትወርክ ውስጥ የሚለይበትን ቁጥር) ይቀበላል፣ መጨረሻ ላይ የጌሙን ሰርቨር (ተጫዋቾችን የሚያገናኘውን ኮምፒውተር) ያገኛል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «የቱ ደጃፍ ላይ ቆመ?» ነው። መፍትሔው እንደየደጃፉ ይለያያል።

አስቀድማችሁ ግን ሁለት ነገር እዩ። ፒኤስፒ የዋይፋይ ማብሪያ ማጥፊያ አለው፤ በመጀመሪያው ሞዴል ግራ ጎኑ ላይ፣ በ2000 እና በ3000 ላይ ደግሞ አናቱ ላይ። ኪስ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ይጠፋል። የመጀመሪያው 3ዲኤስም (የዲኤስ ተከታይ) በጎኑ እንዲህ ያለ ማብሪያ አለው። ሁለተኛው ሞዴሉ ነው። ፒኤስፒ ኢ1000 የሚባለው ርካሹ ዓይነት ዋይፋይ ጭራሽ የለውም። እሱን ይዛችሁ ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ።

ዲኤስ ላይ ደግሞ ሴቲንጉን ፈልጋችሁ ካጣችሁ አትደናገጡ። ዋናው ሜኑ ላይ የለም። እንደ ማሪዮ ካርት ዲኤስ ያለ ኦንላይን የሚጫወት ጌም ከፍታችሁ በውስጡ ነው የምታገኙት።

«የቤቴን ዋይፋይ ጭራሽ አያየውም»

ከሁሉ በፊት ራዲዮው፣ ማለትም ዋይፋይ የሚልከውና የሚቀበለው ክፍል፣ በሕይወት መኖሩን አረጋግጡ። ሁለት ዲኤስ ካለ ሁለቱም ላይ ፒክቶቻት (ዲኤስ ውስጥ ያለውን የመልእክት መለዋወጫ) ክፈቱ። ለፒኤስፒ ሁለት ሰው ያለ ራውተር አንድ ላይ የሚጫወትበትን ጌም ሞክሩ። እርስ በርስ ከተያዩ ራዲዮው ደህና ነው፤ ነገሩ ከራውተሩ ጋር ነው። ካልተያዩ፣ በተለይ ሽፋኑ የተቀየረ ዲኤስ ላይት ከሆነ፣ የአንቴናዋን ቀጭን ሽቦ ጠርጥሩ። ሽፋን ሲቀየር ሳትሰካ የምትቀር ወይም የምትቆነጠጥ ሽቦ ናት። የዋይፋይ ካርዱም ለብቻው የሚሰካ ስለሆነ ሊላቀቅ ይችላል።

ራዲዮው ደህና ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ባለ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ነው። ዲኤስ፣ ፒኤስፒ፣ 3ዲኤስ፣ ቪታ (የፒኤስፒ ተከታይ)፣ ሁሉም የሚሰሙት 2.4 ጊጋኸርዝን ብቻ ነው። ራውተራችሁ 2.4ቱ ተዘግቶ ከሆነ ለእነሱ የለም ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም አዋህዶ የሚያሰራጭ ከሆነም ለ2.4ቱ የራሱን ስም ስጡት። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደልና በቁጥር ብቻ ጻፉት። በግዕዝ ፊደል ወይም በኢሞጂ የተሰየመ ዋይፋይ ለስልክ ቆንጆ ነው፣ ለአሮጌ ጌም ግን እንቆቅልሽ ነው። የተደበቀ ስም ካለም ለጊዜው ግለጡት።

ሁለተኛው ዕድሜ ነው። ዲኤስ እና ፒኤስፒ የሚሠሩት እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 802.11ቢ በሚባለው ስልት ነው። የዚህ ስልት ጣሪያ 11 ሜጋቢት በሰከንድ ነው። ዲኤስ እዚያም አይደርስም፤ በ1 እና በ2 ሜጋቢት ብቻ ነው የሚያወራው። የዛሬ ራውተሮች ይህን ዝግታ ስለማይወዱት ብዙ ጊዜ ዘግተውት ይመጣሉ። በብራውዘር በሚከፈተው የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ ላይ የ2.4ቱን «ሞድ» ፈልጉና ቢ፣ እንዲሁም ተከታዮቹ ጂ እና ኤን የተቀላቀሉበትን ምረጡ። «ኤን ብቻ» ወይም «ጂ እና ኤን» የሚል ከሆነ ዲኤስ ምንም አያይም።

ሦስተኛው ቻናል ነው። ራውተሩ ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ 12 ወይም 13 ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ እዚያ የማያዩ የእጅ ጌሞች አሉ። 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አስቀምጡት። ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ አድርጉት።

«ያየዋል፣ ፓስወርድ ስሰጠው ግን እምቢ ይላል»

አብዛኛው ሰው የሚቀረው እዚህ ነው። እኔ ያመሸሁትም እዚሁ ነው።

የዋይፋይ ቁልፍ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው ዌፕ ይባላል፤ የ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ድክመቱ ተጋለጠ። በ2007 ደግሞ ተመራማሪዎች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሊሰበር እንደሚችል አሳዩ። በመሃሉ፣ በ2003፣ ደብሊውፒኤ መጣ። በ2004 ደብሊውፒኤ2፣ በ2018 ደብሊውፒኤ3 ተከተሉ። የዛሬ ራውተር የኋለኞቹን ሁለቱን ይናገራል። ዲኤስ ግን የሚያውቀው ዌፕን ብቻ ነው። ፓስወርዱ ልክ ይሁን አይሁን ጉዳዩ አይደለም፤ ቋንቋው አልገባውም። ዲኤስ የማይችለውን ዓይነት ዋይፋይ ሲያይ የቁልፍ ምልክቱን ግራጫ አድርጎ ያሳያችኋል። ግራጫ ካያችሁ ፓስወርድ መጻፍ ድካም ብቻ ነው።

ፒኤስፒ ትንሽ ይሻላል። ሶፍትዌሩ ከ2.00 ጀምሮ ደብሊውፒኤን ይችላል፤ ደብሊውፒኤ2 ግን በፋብሪካው ሶፍትዌር እስከ መጨረሻው አልገባለትም። ዲኤስአይ (የተሻሻለው ዲኤስ) ደብሊውፒኤ2ን ይችላል፤ ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት የግንኙነት ቦታዎች ለአሮጌው ዓይነት ናቸው። 4፣ 5 እና 6 ላይ ነው መሙላት ያለባችሁ። 3ዲኤስ እና ቪታ ደብሊውፒኤ2ን ያለ ችግር ይይዛሉ። እነሱ እምቢ ካሉ ራውተሩ ደብሊውፒኤ3 ብቻ ወይም የ2 እና የ3 ቅልቅል ላይ ሊሆን ይችላል፤ ደብሊውፒኤ2 ብቻ፣ ኤኢኤስ የሚለውን ምረጡ።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው ይጥላል። የዲኤስ ካርድ 3ዲኤስ ላይ ስትጫወቱ ጌሙ የ3ዲኤሱን ዋይፋይ አይጠቀምም። አሁንም እንደ ዲኤስ ዌፕ ወይም ያልተቆለፈ ዋይፋይ ይፈልጋል። ለእሱ የተለየ ሴቲንግ አለ። ኮንሶሉ ተገናኝቷል፣ ጌሙ ግን አልተገናኘም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የመጀመሪያው ምክሬ አታድርጉ የሚል ነው። ለአንድ ጌም ሲባል የቤቱን ዋይፋይ በሙሉ ወደ ዌፕ አታውርዱት። ስልካችሁ፣ ኮምፒውተራችሁ፣ የባንክ አካውንታችሁ ሁሉ በዚያ ነው የሚያልፉት። ፍጥነቱም ይወድቃል፤ 802.11ኤን ከዌፕ ጋር ከፍ ያለ ፍጥነት ስለማይፈቅድ የተያያዘው ሁሉ 54 ሜጋቢት ላይ ይቆማል። ለጌሙ የራሱን ትንሽ በር ክፈቱለት።

ቀላሉ በር የአንድሮይድ ስልክ ሆትስፖት ነው። 2.4 ጊጋኸርዝ አድርጉት። ጥበቃውን ለዲኤስ እና ለፒኤስፒ «ያለ ፓስወርድ» ላይ አስቀምጡት። ጌሙ ፈልጎ ካገኘው አገናኙት፣ ተጫወቱ፣ ስትጨርሱ ዝጉት። በሩ ክፍት በሆነበት ጊዜ ጎረቤትም መግባት ይችላል፣ ስለዚህ ረስታችሁ አትተዉት። ደካማ ጎን አለው፤ አንዳንድ ስልክ የ802.11ቢን ዝግታ ዘግቶታል፣ ያን ጊዜ ዲኤስ አያየውም። አይፎን ያለ ፓስወርድ ሆትስፖት አይከፍትም፣ ስለዚህ ለዲኤስ አይሆንም። ለ3ዲኤስ እና ለቪታ ግን ሆትስፖቱ ውስጥ ተኳኋኝነትን የሚያሰፋውን አማራጭ ብታበሩ ወደ 2.4 ስለሚወርድ ይሠራል።

ሁለተኛው በር የራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ ነው። ዋናው እንደተቆለፈ ይቆያል፣ እንግዳው ብቻ ይከፈታል። የቤቱን ሌሎች ዕቃዎች እንዳያይ የሚያደርገውን ምልክት ማብራት አትርሱ።

ሦስተኛው፣ እኔ የምወደው፣ የተጣለ አሮጌ ራውተር ነው። ከአዲሱ ጋር በገመድ አያይዙትና ዌፕ ስጡት። ስትጫወቱ ሶኬት ላይ ይሰካል፣ ስትጨርሱ ይነቀላል። እዚህም አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ራውተር ኤን እስካልጠፋ ድረስ ዌፕ የሚለውን ምርጫ ይደብቀዋል። መጀመሪያ ሞዱን ወደ ቢ እና ጂ መልሱት። የዌፕ ቁልፍ እንዳሻችሁ የሚረዝም አይደለም። በትክክል 5 ወይም 13 ፊደል ይሆናል፤ በቁጥርና ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት ፊደላት ብቻ ከጻፋችሁት ደግሞ 10 ወይም 26። አንድ ቢጎድል ወይም ቢተርፍ አይቀበልም።

ለፒኤስፒ ብቻ አራተኛ መንገድ አለ። ራውተሩ ደብሊውፒኤ እና ደብሊውፒኤ2ን በአንድነት የሚያስተናግድ ቅልቅል ካለው እሱ ይበቃል። እኔን ያዳነኝ ይኸው ነው። ቅልቅሉን መረጥኩ፣ ፒኤስፒው ላይ ደብሊውፒኤ አልኩ፣ ያ የተረገመ ፓስወርድ በመጀመሪያው ሙከራ ገባ።

ዲኤስ ላይ 51300 የሚል ቁጥር ከወጣ ነገሩ ያው የቁልፍ ጉዳይ ነው፤ ወይ ተሳስቷል፣ ወይ ዓይነቱ አልገጠመም።

«ተገናኝቷል ይላል፣ አይፒ ግን አያገኝም»

ፒኤስፒ ላይ የግንኙነት ሙከራ ስታደርጉ ይህ በግልጽ ይታያል። ዋይፋዩን ይዟል፣ አይፒ ላይ ይቆማል። ብዙ ጊዜ የቀድሞ ባለቤቱ በእጁ የሞላው ቁጥር ነው የቀረው። ሁሉንም ወደ «አውቶማቲክ» መልሱ። ራውተሩ የሚያውቃቸውን ዕቃዎች ብቻ እንዲያስገባ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ የጌሙን ማክ አድራሻ (ከፋብሪካ የተሰጠውን መለያ) ዝርዝሩ ላይ ጨምሩ፤ ጌሙ ሲስተም መረጃ ውስጥ ያሳየዋል።

አሁንም ካልሆነ በእጅ ሙሉት። ራውተሩ 192.168.1.1 ከሆነ ለጌሙ ሌላ ዕቃ ያልያዘውን፣ ለምሳሌ 192.168.1.200 ስጡት። ሰብኔት ማስኩ 255.255.255.0 ነው። ጌትዌይ የራውተሩ አድራሻ ነው። ለዲኤንኤስም (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ለሚተረጉመው) ያንኑ መጻፍ ይቻላል።

«ሁሉም ተሳክቷል፣ ጌሙ ግን ኦንላይን አይገባም»

እዚህ ላይ ራውተሩን ተዉት። ዋይፋዩ ሠርቷል። የጠፋው ወዲያ ማዶ ያለው ነው። የዲኤስ እና የዊ (የኒንቴንዶ የቤት ጌም) ኦንላይን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2014 ተዘግቷል። የ3ዲኤስም በሚያዝያ 2024 ተከትሏል። የቱንም ያህል ብትለፉ በፋብሪካው መንገድ ማሪዮ ካርት ዲኤስ ላይ ሰው አይመጣላችሁም።

የጌሙ ወዳጆች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ዊምፊ የሚባለው የአድናቂዎች ሰርቨር ብዙ የዲኤስ ጌሞችን መልሶ አስነስቷል። ጌሙ ወደዚያ እንዲሄድ በዋይፋይ ሴቲንጉ ውስጥ ዲኤንኤሱን ብቻ ነው የምትቀይሩት፤ አድራሻውን ከራሳቸው ገጽ ውሰዱ፣ ከየትም አትቅዱ።

ብራውዘሩ ገጽ አልከፍት ካለ ምክንያቱ ሌላ ነው። የዛሬ ድረ ገጾች የሚጠቀሙበትን ምስጠራ ዲኤስ እና ፒኤስፒ አያውቁትም። በሴቲንግ የሚስተካከል ነገር የለውም። ቀንና ሰዓቱን ግን እዩት። ባትሪው ለረጅም ጊዜ ወጥቶ የቆየ ፒኤስፒ ቀኑን ስለሚረሳ የደኅንነት ሰርተፍኬት ስህተት እያለ ያስቸግራል።

«ይይዛል፣ ግን ይቆራረጣል»

ፒኤስፒ ከሆነ የዋይፋይ ኃይል መቆጠቢያውን አጥፉ። ባትሪው ካረጀ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ወደ ራውተሩ ቅረቡ። ማይክሮዌቭ ሲሠራ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም 2.4 ላይ ስለሆኑ ነው፤ ምግቡ እስኪሞቅ መታገሥ ወይም ሌላ ክፍል መሄድ ነው።